«ይሄንማ የሳቢያን ለሳኝም ይሠራዋል»

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዱ ጋለሪ በጀሶ የተሠራ ረቂቅ ሥዕል በተሰቀለ ቁጥር አንድ ፎቶ ከአዳራሹ ይወጣና ከስልክ ስልክ ይዞራል። ነጭ ሰሌዳ፤ በላዩ ያበጠ ነጭ፣ የተቦረቦረ ነጭ፣ አንዳንዴም አንድ ረጅም ስንጥቅ። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ይሄ ሥዕል ነው?» ይላል አንዱ። «ግድግዳው ሳያልቅ ነው እንዴ የከፈቱት?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው የድሬ ልጅ ከሆነ ነገሩን ባጭሩ ይቋጨዋል፦ «ኧረ አቦ! ይሄንማ የሳቢያን ለሳኝም ይሠራዋል።»

ያስቃል። ግን ቀልደኛው ያላሰበውን እውነት ተናግሯል። አዎ፣ የሳቢያን ለሳኝ ይሠራዋል። ምናልባትም ፎቶው ላይ ካለው አሳምሮ ይሠራዋል። ታዲያ እስከ ዛሬ «እስቲ ሥራውና እንየው» ያለው ማን አለ? ቀልዱ የተወረወረው ሥዕሉን ለማዋረድ ነው፤ ያረፈው ግን ለሳኙ ላይ ነው። «እሱ እንኳ የሚችለው ነገር እንዴት ጥበብ ይባላል?» ማለት ነውና። ሠዓሊው ተሰድቦ ወደ ስቱዲዮው ይመለሳል። ለሳኙ ግን መሰደቡን እንኳ አያውቅም፤ በዚያ ሰዓት የሰው ጣሪያ ሥር ጣውላ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ ቀልሷል።

ድሬዳዋ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ከዚራን ነው፤ በዛፍ የተከለለውን ጎዳና፣ የባቡር ጣቢያውን፣ ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላን። ሳቢያን በፖስታ ካርድ ላይ አይወጣም። ሳቢያን ሰው ቤት የሚሠራበት ሰፈር ነው። ቤት በተሠራ ቁጥር ልስን አለ፤ ባለቤቱ ትንሽ ከተረፈው ደግሞ የጂብሰም ኮርኒስ አለ። የሳሎኑ ጣሪያ መሃል ላይ የተከፈተ አበባ፣ በዙሪያው ደረጃ በደረጃ የወረደ ጠርዝ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንደ ማዕበል የተንከባለለ ግድግዳ። «ዲዛይኑን ከስልክ አሳየሁት» ይላል የቤቱ ጌታ ለእንግዳው። ስልኩ ያሳየው ግን ፎቶ ነው። ግድግዳው በጠመመበት በኩል ጠርዙ እንዴት እንደሚዞር፣ ማዕበሉ በሩ ጋ ሲደርስ የት ላይ እንደሚሞት የወሰነው ለሳኙ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ቆሞ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ጀሶ ከመሬት የሚቆፈር ድንጋይ ነው። በ150 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር በውስጡ ካለው ውሃ ሦስት አራተኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣል፤ ይሞቃል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሲጠነክር እንደ ሲሚንቶ አይኮማተርም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ያብጣል፤ የፎርማውን ጥግ ሁሉ ሞልቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሰውየው በባልዲ ከበጠበጠ በኋላ ያለው ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት ቃጫ ያስገባል፣ ይደፋል፣ በፍራታሶ ይጎትታል፣ ያለሰልሳል፣ የተበላሸውን ይፍቃል። በቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ያልጣመውን ነገ መጥቶ ያስተካክላል። የጀሶ ሠራተኛ ነገ ሲመጣ የሚያገኘው ድንጋይ ነው። በዚህ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሩበት።

ይሄ ሙያ ስም ሲወጣለት «የቀን ሥራ» ነው። ያው ነገር በጥቁር ፍሬም ታጥሮ፣ መብራት ተተኩሮበት ሲሰቀል ግን «ሚክስድ ሚዲያ» ይባላል።

በእርግጥ ቃሉ ራሱ በአማርኛ ዕድለ ቢስ ነው። «ጀሶ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ አገር የሠዓሊዎች ቃልም ነው፤ ሰሌዳው ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚለብሰው ነጭ ንጣፍ በዚሁ ስም ይጠራል። እዚህ ግን «ከእንጀራ ጋር ጀሶ ቀላቅለው ተያዙ» የሚለው ዜና ከተሰማ ወዲህ የማጭበርበር ስም ሆኖ ቀርቷል። «የጀሶ ኤግዚቢሽን» ሲባል ግማሹ ሰው ገና ከበሩ የሚጠራጠረው ወዶ አይደለም። ግን ያው ተጠራጣሪ ፊደል የቆጠረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ በተጻፈ ነው፤ የትምህርት ቤት ጠመኔም በአብዛኛው ጀሶ ነው። ልጁ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ሆስፒታል የሚጠቀለልለት ጀሶ ነው። ማታ ጋደም ብሎ የሚያፈጥበት ጣሪያ ጀሶ ነው። ማጭበርበሪያ የሚሆነው ሆድ ሲገባ ብቻ ነው።

ከቀልዱ የሚከብደው ሌላው ክስ ነው፦ «ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ ነገር ነው፤ ከእኛ ባህል ጋር አይሄድም።» ይህን ሌላ ቦታ ሆኖ መናገር ይቻል ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ቆሞ መናገር ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወጣ ብሎ፣ ገደሉ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ለምርምሩ ዓለም ከታወቀ ወዲህ በተለያየ ጊዜ ተቆፍሯል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከዚህ ዋሻ የወጡ 4213 የቀለም ድንጋይ ቁርጥራጮችን መርምሯል፤ ተሰብስበው 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ብዙዎቹ ተፈጭተዋል፣ ተፍቀዋል፣ ቀለም ወጥቶባቸዋል። ለምን እንደዋሉ፣ ቆዳ ለማቅላት ይሁን ገላ ለመቀባት፣ ሊቃውንቱ ይከራከሩ። ግን ዛሬ ሳቢያን ከቆመበት በእግር በሚደረስ ርቀት ሰው ቀለም እየፈጨ ይኖር ነበር፤ ያን ጊዜ ፈረንጅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመት ዘግይተው በዚሁ ዋሻና ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው ለጋ ኦዳ ድንጋዩ ላይ የተሳሉትን ምስሎች ያየ ሰው ደግሞ ክሱን ጨርሶ ይረሳዋል። ሰው በሦስትና በአራት መስመር ተጠናቋል። ላሟ ቀንዷ ብቻ በቂ ነው ተብሎ የቀረው ተትቷል። አንዳንዱ ምልክት ሰውም ከብትም አይመስልም፤ ምን ለማለት እንደተሳለ እስከ ዛሬ አያግባባም። የዛሬው ተመልካች ጋለሪ ገብቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የሚበሳጭበት ነገር ይኸው ነው፤ የድሬዳዋ ሰው ግን ከቤቱ ጀርባ ባለው ተራራ ላይ ቅርስ ብሎ ይኮራበታል። ለምን አንዱ ቅርስ፣ ሌላው ቅሌት ሆነ?

ወደ ሐረር ሽቅብ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ማስረጃ ያገኛል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ እናቶች የሰፏቸው ሰፌዶችና ሙዳዮች የተሰቀሉበትን ሥርዓት ያስተውል። ክብ በክብ ውስጥ፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ፣ ቀይ በጥቁር ተከቦ። ዛፍ የለም፣ ሰው የለም፣ አንበሳ የለም። ቅርጽና ቀለም ብቻ ነው። «ይሄ ምንድን ነው የሚያሳየው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ የለም፤ ቢኖርም ቡና ሳይጠጣ ይሸኝ ነበር።

ከዚያው ከሐረር ነው ገብረክርስቶስ ደስታ የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ1932 ተወለደ፤ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊ ነበሩ። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን አሳየ። ያኔም የተባለው ይኸው ነበር፦ የባዕድ ነው፣ አይገባም፣ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። በኋላ ተሰደደ፤ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ2008 ነው፤ ሥራዎቹ ከጀርመን ተመልሰው እዚያ ተሰቀሉ። እሱ ግን አልተመለሰም። ዛሬ ስሙ ሲነሳ «ታላቁ ሠዓሊያችን» የማይል የለም። ያኔ የተሰነዘረበትን ዘለፋ ግን ሰው ሳይለውጥ፣ ቃል በቃል በሚባል ደረጃ፣ ዛሬ በጀሶ በሚሠሩ ወጣቶች ላይ ይደግመዋል። ስድሳ ዓመት አልፎ አንድ አዲስ ስድብ እንኳ አለመፈልሰፉ ያሳፍራል።

ጀሶውስ ባዕድ ነው? በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፏል። የእሱና የዘመነኞቹ የእንጨት ሰሌዳ ሥዕሎች እንጨቱ ላይ በቀጥታ የተቀቡ አይደሉም፤ ከቀለሙ ሥር ነጭ የጀሶ ንጣፍ አለ። ቀዩና ሰማያዊው ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚያ ንጣፍ ላይ ስለተኛ ነው። እንግዲህ ጀሶ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ኖሯል፤ ግን ሌላውን ሲሸከም እንጂ ራሱ ሲታይ አልነበረም። በጥበብ ትምህርት ቤቶችም ዕጣው ከዚህ አልተሻለም። ተማሪ በጭቃ ያበጀውን ምስል በጀሶ ያወጣዋል፤ ነሐስ መቼ ተገኝቶ ይፈስሳል? ስለዚህ ጀሶው ነሐስ እንዲመስል ቡናማ ይቀባል። በጀሶ ረቂቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር ይህን ውሸት መተው ነው፤ ጀሶው ጀሶ ሆኖ ይታይ ብሏል።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ የተሰቀለው ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ብዙው ደካማ ነው። ለሆቴል መግቢያ ተብሎ የተሠራ፣ ከሶፋው ቀለም ጋር እንዲሄድ የተቀመመ ነጭ አለ። (ለነገሩ በአገራችን ከተሞች «ጋለሪ» የሚል ሰሌዳ ከሥዕል ይልቅ ለሶፋ መሸጫ ነው የሚውለው።) ሰሌዳውን ሰንጥቆ «የትውልዱ ስብራት» የሚል ርእስ የሚለጥፍም አለ። ርእሱን ሲያነሱለት ስንጥቅ ብቻ የሚቀር ሥራ ነው። እና ይህን ከዚያ የሚለየው ማን ነው? በመክፈቻው ምሽት ብርጭቆ ይዞ የሚዞረው እንግዳ አይደለም። እሱ ስንጥቁን አይቶ «ጥልቅ ነው» ይላል። የሳቢያኑ ለሳኝ ቢመጣ ግን ጠጋ ብሎ በጥፍሩ ይነካውና ይጠይቃል፦ ይሄ ውሃ በዝቶበት ነው የተሰነጠቀው ወይስ ታስቦበት? ይሄ ጠርዝ ሳይጠነክር ነው የተነሳው? ከኋላው ቃጫ አለው? ይሄኛውስ ተጀምሮ ነው የተተወው? በዚህ አገር ለጀሶ ሥዕል የሚሆን ሂስ ካለ ይኸው ነው። ሠዓሊውም የሚፈራው ይህን ዓይን መሆን ነበረበት፤ አላጋጠመውም እንጂ።

ያላጋጠመው ለሳኙ ፍላጎት ስለሌለው አይደለም። ማንም ስላልጠራው ነው። የአዲስ አበባ ጋለሪዎች እዚህ ላይ ከወቀሳ አያመልጡም። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ካለም የተተረጎመ ስለሆነ ከእንግሊዝኛው ይብሳል። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛማ አይታሰብም። ጥሪው የሚደርሰው ለሚተዋወቁት ነው። የሚታሰበው ገዢ ባሕር ማዶ ነው። በእርግጥ ይህ ገበያ እውነተኛ ነው፤ አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ረቂቅ ሥዕሏ በ2023 በጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶለታል። ኢትዮጵያ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ድንኳን ይዛ ተስፋዬ ኡርጌሳን አሳይታለች። ደስ ይላል። ግን ከአዲስ አበባ ወደ ቬኒስ የሚሄድ ሥዕል ጉምሩኩን፣ ኢንሹራንሱን፣ አውሮፕላኑን ሁሉ ይወጣዋል፤ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ የሆነችው ድሬዳዋ ናት የራቀችበት።

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ተሠርቶ ታይቷል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2019 አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ገጠር ቤት የሚመረግበት ያው ምርጊት። ግን ምርጊቱ ላይ የሚያብጥና የሚጎደጉድ፣ የሚጠማዘዝ ቅርጽ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ሕንጻው ራሱ ረቂቅ ሥዕል ነው። ያን ግድግዳ ማንም «ግድግዳው ሳያልቅ ነው እንዴ የከፈቱት?» አላለውም። እነዚሁ ሰዎች ከዞማ ቀደም ብለው ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው በሀርላ መንደርም ሠርተዋል። መራጊውንና ግንበኛውን ይዘው ነው የተነሱት፤ ሙያቸውን ተበድረው ስማቸውን ትተው አይደለም።

ከባሕር ማዶም የሚጠቅም ምሳሌ አለ። እንግሊዛዊቷ ራሼል ዋይትሪድ በ1990 ለንደን ውስጥ የአንድ ተራ ቤት ሳሎን ወስዳ ውስጡን በጀሶ አወጣችው። ቤቱን ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የነበረውን ባዶ ቦታ። የበሩ እጀታ ወደ ውስጥ ገብቶ ጉድጓድ ሆነ፤ የእሳት ማንደጃው ጥላሸት ጀሶው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሥራው ዛሬ ዋሽንግተን ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ ነው። እስቲ ይህን ድሬዳዋ ላይ አስቡት። ከተማዋ በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። አዲሱ ባቡር ሌላ ጣቢያ ይዞ ከመጣ ወዲህ የድሮው ጣቢያና ወርክሾፑ ጸጥ ብለዋል። የአንድ ባቡር ሠራተኛ ክፍል፣ የወርክሾፑ አንድ ጥግ፣ የቲኬት መቁረጫው መስኮት በጀሶ ቢወጣ ማን ነው «አልገባኝም» የሚለው? አባቱ እዚያ መስኮት ጋ ተሰልፎ የነበረ ሰው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ለሥራው የሚያስፈልገው እጅ ደግሞ ከለንደን አይመጣም። ሳቢያን አለ።

የከተማው አስተዳደር ሰዎች ይህን ሲሰሙ መልሳቸው አስቀድሞ ይታወቃል፦ ኑሮ ተወዷል፣ ውሃ ቸግሯል፣ ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፣ ሥዕል ለጊዜው ቅንጦት ነው። መልካም። ግን ይህ ክርክር አደባባይ ላይ ሐውልት ሲቆም ተነስቶ አያውቅም። በኮሪደር ልማት አጥር ሲለሰንና ሲቀባም አይነሳም። ያን አጥር የለሰነውስ ማን ነው? ያው ሰው አይደለም? ከጠዋት እስከ ማታ ሲለስን ዋለ፤ የተነገረው «ቀጥ አድርገው» ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሜትር አጥር ውስጥ አምስቱን ሜትር «ይቺን እንደፈለግክ አድርጋት» ቢባል ምን ያህል ይከስር ነበር? ሥራ ይፈልጋል የተባለው ወጣትም ቢሆን ሥራው ላይ ስሙ ሲጻፍ ዋጋው አብሮ እንደሚጨምር ማንም ነጋዴ ያውቀዋል።

የሚጠየቀው ነገር ቤተ መንግሥት አይደለም። አንድ አዳራሽ ነው፤ ከወርክሾፑ አንዱ ክፍል፣ ወይም እዚያው ሳቢያን ውስጥ ልስኑ አልቆ ተከራይ የሚጠብቅ አንድ ሱቅ። የሚያስፈልገው አንድ ወር ነው። አምስት ሠዓሊ፣ አሥር ለሳኝ፣ ጥቂት ኩንታል ጀሶ፤ የሁሉም ስም በእኩል ፊደል በር ላይ ይጻፍ። ማብራሪያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሁን፤ አጭርም ይሁን። ደግሞ ቀን አይከፈት። በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ ከቤቱ የሚወጣ የለም፤ በርጫውም አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይከፈት፤ ሰው ነፋስ ፍለጋ በሚወጣበት፣ ባጃጁ በሚሞቅበት ሰዓት። የባለሥልጣን ንግግር አይኑር። ሪባን ከተቆረጠም የጣውላ መወጣጫ ላይ ስድስት ወር የቆመ አንድ ለሳኝ ይቁረጠው።

ያኔ ያ ቀልደኛ ይምጣና ይሳቅ። ከጎኑ የቆመው ሰው ምናልባት የገዛ ቤቱን ሳሎን የለሰነለት ይሆናል።

ለሳኞቹን ለማግኘት ጨረታ አያስፈልግም፣ ኮሚቴም አያስፈልግም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባልዲና ፍራታሶ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ሥራ ይጠብቃሉ።